አባባን ያሸነፍኩበት ቀን

ትልልቅ ሰዎች «አባባ ስኳር አለበት» ሲሉ ስሰማ፣ እንዲህ ያለውን ደስ የሚል ነገር ለምን ፊታቸውን አጨፍግገው እንደሚያወሩት አይገባኝም ነበር። አባባ ስኳር እንዳለበት እኔም አውቃለሁ። በሹራቡ በቀኝ ኪስ አለበት። አንዳንዴ በግራውም አለበት። እጄን ስከት ጣቶቼን እያጣበቀ የሚይዘኝ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

አያቴን ሁላችንም አባባ ነበር የምንለው። ዕድሜውን የጨረሰው ከረሜላ ፋብሪካ ውስጥ ስኳር ሲያፈላ ነው። ጡረታ ወጥቶም እጁ አርፎ መቀመጥ እምቢ አለው። ብርዱ ጠንክሮ የዓመት መጨረሻው በዓል ሲቃረብ እማማን ከኩሽና ያስወጣና በሩን ይዘጋል። ከዚያ የሚነድ ስኳር፣ የብርቱካን ልጣጭና የቀረፋ ሽታ በበሩ ስር እየሾለከ መላ ቤቱን ይሞላዋል። ቤቱ ቀርቶ ካፖርታችን እንኳ ሽታውን ይዞ ወደ ቤታችን ይመለሳል፤ በበዓሉ ማግስት ትምህርት ቤት ሄጄ የካፖርቴን እጅጌ አሸት ነበር።

እማማ፣ ሴት አያቴ፣ ልብስ ሰፊ ናት። አፏ ውስጥ ስፒል ስለማይጠፋ ንግግሯ አጭር ነው። «ቁሚ።» «ዙሪ።» «እሺ።» ጣፋጭ አትወድም፤ ጥርሴን ያመኛል ትላለች። አባባ ከረሜላ ባቀረበላት ቁጥር እጇን እያራገበች «ወዲያ በልልኝ» ስትለው፣ «የከረሜላ ሠሪ ሚስት ሆነሽ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ትኖሪያለሽ» ይላታል።

እኔና አባባ ደግሞ አንድ ጨዋታ ነበረን። ከምሳ በኋላ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያንኮራፋል። እኔ በጣቶቼ ጫፍ እየተራመድኩ እገባለሁ። ሥራዬ ሳይነቃብኝ ከኪሱ ከረሜላ መስረቅ ነው። እጄን አስገብቼ ከረሜላውን ልክ ስጨብጥ፣ ያ ወፍራም፣ በእሳት የጠቆረ እጁ አንጓዬን ላፍ አድርጎ ይይዛል። «ሌባ ተያዘ! ጉንጬ ናት ሌባዋ!» ይላል። ጉንጬ የሚለኝ ጉንጮቼ ሁልጊዜ አንድ ነገር ስለሚይዙ ነው። እየጮህኩ እስቃለሁ፤ ከረሜላውን ግን ያው ይሰጠኛል። አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም። ማሸነፍ ግን በጣም እፈልግ ነበር።

ያን ዓመት ሰባት ዓመቴ ነበር። የበዓሉ ዕለት ጠዋት እኔ፣ እማዬና አባዬ ወደ አያቶቼ ቤት በአውቶቡስ ሄድን። አባዬ ራሱ የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ ተሳፋሪ ሲሆን ሰላም የለውም። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር እሱም እግሩን ወለሉ ላይ ይረግጣል። እማዬ ጉልበቱን በእጇ ተጫነችው።

«እዚያ ስንደርስ አፍህን ትዘጋለህ» አለችው።

«እኔ ምን አልኩ?»

«ያኔም ምን አልኩ ነው ያልከው። እህትህ ነች። አባትህ ለምኖ ነው ያመጣት።»

«እህት የለኝም።»

ይህን ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ያቺ ሴት በእኔ ሐሳብ አክስቴ አይደለችም፤ አክስት የነበረች ሴት ናት፤ ልክ ጎረቤታችን በፊት ወታደር እንደነበረው፣ እሷም በፊት አክስት ነበረች፤ ከዚያ ለቀቀች። ነገሩን በቅጡ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አክስቴ በዕድሜ እጅግ የሚበልጣትን ሰው ስታገባ፣ አባዬ ሠርጓ ላይ፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ፣ «አባት አለሽ እኮ፣ ሌላ አባት ምን ያደርግልሻል?» ብሏት ወጣ። ከዚያ በኋላ እሷ የሩቅ ከተማ ሰው ሆነች፤ እሱም እህት የሌለው ሰው ሆነ።

እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐኪሙ የአባትህ ልብ ደክሟል ብሏል። ሁለታችሁን አንድ ላይ ሳያይ ቢሄድስ?»

አባዬ በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየ ፍሬኑን ረገጠ።

እኔ ግን ምንም የሚያሳስብ ነገር አላየሁበትም። ልቡ የደከመው ሰው ይተኛል፤ ከተኛ ይበረታል። አባባ ደግሞ የትም አይሄድም፤ በዚህ ብርድ ማን ይሄዳል?

ደርሰን ደወሉን ደወልን። ማንም አልከፈተም። ከውስጥ ሽታው ይመጣል፤ አፌ ውስጥ ምራቅ ሞልቷል። አባዬ ደገመው። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆና ነው?» አለ። ሌላ ጊዜ እማማ የእግራችንን ኮቴ ሰምታ ሳንደውል ነበር የምትከፍተው። ብርዱ ጆሮዬን ሲቆነጥጠኝ ቆየና በሩ ተከፈተ።

እማማ ፈገግ ብላለች። አንድ እጇ በሩን ይዟል። ቀና ብላ አየችን፣ አንድ በአንድ፣ ልካችንን ልትወስድ ይመስል። እኔ ወደ ታች አየሁና ሳቄ መጣ፤ አንደኛው እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ አለ፣ ሌላኛው ባዶ ነው።

«እማማ! አንድ ጫማሽስ?»

እግሯን አየችው። «ይሄኛው እግሬ ሞቆት ነው» አለችኝ።

«አባባስ?» አለ አባዬ፣ ካፖርቱን እያወለቀ።

«አሁን ነው ያረፈው። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ነው ያደረው። ተዉት።»

«ይረፍ፣ ይረፍ» አለ አባዬ፣ ድምፁን ቀንሶ።

እማማ ካፖርቶቻችንን ተቀብላ ሰቀለች። ከዚያ ሄዳ ሬዲዮውን ከፈተች፤ የበዓል ሙዚቃ ነበር፤ ከፍ አደረገችው። እማዬ «እማማ፣ አባባን አይቀሰቅሰውም?» ስትላት፣ «አይቀሰቅሰውም» አለች።

ጠረጴዛውን ሳየው ሌላውን ሁሉ ረሳሁት። መሐል ላይ ነጭ የስኳር ዱቄት የተነሰነሰበት ኬክ ቆሟል። በኮከብ ቅርጽ የተቆረጡ ብስኩቶች፣ በማር የተለወሰ ለውዝ፣ ጠርዛቸው ቸኮሌት ውስጥ የተነከረ የብርቱካን ልጣጮች፣ ዘቢብ፣ በትንሽ ሳህን ማርማላታ አለ። የመስኮቱ መስታወት በእንፋሎት ታውሯል። አንዱን ኮከብ ሰርቄ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ቅቤውና ቀረፋው ምላሴ ላይ ሲቀልጥ ዓይኔን ጨፈንኩ። በዚያች ደቂቃ በዓለም ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም። ዛሬም ያንን ጣዕም በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ አስታውሼም ደስ አይለኝም።

አክስት የነበረችው ሴት ትንሽ ቆይታ መጣች። ባሏን አላመጣችውም። ረጅም ናት፤ ፊቷ ላይ የአባዬ አፍንጫ ቁጭ ብሏል፤ ይህ በጣም ገረመኝ፤ ሥራውን ለቃ አፍንጫውን አልመለሰችም። በሪባን የታሰረ የቸኮሌት ሳጥን ይዛለች።

«ጉንጬ አንቺ ነሽ?» አለችኝ፤ ጎንበስ ብላ ስትስመኝ ጉንጭዋ እንደ በረዶ ቀዘቀዘኝ። አባዬን በራሷ ነቅነቅ ብላ ሰላም አለችው። እሱም ነቀነቀ። ከዚያ ቀጥታ ወደ አባባ መኝታ ቤት አመራች።

እማማ በሩ ፊት ለፊት ቆመች። እንደዚያ ፈጥና ስትራመድ አይቻት አላውቅም።

«ካፖርትሽን አውልቂ። ከውጪ ብርድ ይዘሽ አትግቢበት።»

«ልየው ብቻ፣ እማ። አልቀሰቅሰውም።»

«አሁን ነው ያረፈው እኮ አልኩ። ምሳ እንብላ፤ ከምሳ በኋላ ሁላችሁም ትገባላችሁ።»

አክስቴ በሩን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ ካፖርቷን አወለቀች።

ምሳው ላይ አባዬና አክስቴ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እኔ መሐል። አይነጋገሩም። አባዬ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ጨዉን አቀብዪኝ በያት» ይለኛል። እኔም «ጨዉን አቀብዪው» እላታለሁ። «እጁ አይደርስም ወይ በይው» ትለኛለች። እላለሁ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥልጣን ተሰጥቶኝ ስለማያውቅ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እማዬ ግን ሹካዋን ይዛ ትቁለጨለጫለች።

የተጠበሰው ዶሮ ደርቆ እንጨት ሆኗል። የእማማ ዶሮ ደርቆ አያውቅም። ምድጃው ውስጥ ረስታዋለች፤ ድንቹም አሯል። ሁላችንም ዝም ብለን እናላምጣለን። ድንገት አክስቴ ሹካዋን አስቀመጠች።

«እማ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይህን ዶሮ ሁለት ጊዜ ነው የገደልሽው።»

አባዬ ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ። አልቻለም፤ ያላመጠው ትን አለው፤ ውሃ እስኪሰጡት አሳለው። እማማ ሁለቱንም ስታያቸው እኔ እማማን አየኋት። አተኩራ ነው የምታያቸው፤ በመርፌ ክር ስታስገባ እንደምታደርገው፣ ትንፋሿን ይዛ።

ብድግ አለችና ከኩሽና ትሪ ይዛ መጣች። የአባባ ሥራ ነው፦ ትናንት ከሰዓት ያፈላው፣ ለውዝ የተሞላ፣ እንደ መስኮት መስታወት የሚያንጸባርቅ ትልቅ የከረሜላ ገበታ። ገና አልተሰበረም። ጎኑ ላይ የአባባ ትንሿ መዶሻ አለች።

«አባታችሁ እናንተ ስበሩት ብሏል» አለች። «እንደ ልጅነታችሁ።»

አባዬና አክስቴ ትሪውን እንጂ እርስ በርስ አልተያዩም። ልጆች ሳሉ ገበታውን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚይዘው እሱ፣ በመዶሻ የምትመታው እሷ ነበረች ይባላል። አባዬ ቀስ ብሎ ጨርቁን አነሳ። ገበታውን ጠቀለለበት። በሁለት እጁ ያዘው። አክስቴ መዶሻዋን አነሳች።

«ጣቴን እንዳትመቺ» አላት። በእኔ በኩል አልነበረም፤ ለራሷ ነው ያላት። እኔ ሥልጣኔን የተቀማሁ መሰለኝ። «ያኔ የመታሽኝ ጊዜ ጥፍሬ ጠሞ ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ።» አውራ ጣቱን አሳያት።

«ጥፍርህ ድሮም ጠማማ ነው» አለችው። «ከጠባይህ ነው የተማረው።»

መታችው። ገበታው ተሰነጠቀ፤ አንዷ ስባሪ ከጨርቁ ሾልካ፣ ተፈናጥራ የእማዬ ፀጉር ውስጥ ገባች። እማዬ ጮኸች። አባዬ ሳቀ፤ አክስቴ ሳቀች፤ እየሳቀች ደግማ መታች፤ አሁን ስባሪው የመብራቱን ሽፋን መትቶ ኬኩ ላይ አረፈ። አባዬ ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ «እጅሽ አልተለወጠም! የተረገመ እጅ!» ይላል። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እማማም አብራቸው ትስቃለች፤ ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል። ከዚያ ኬኩን ቆረሰች። ለሁሉም አደለች፤ ለራሷም ትልቁን ቁራሽ ወሰደች። እማማ ኬክ ስትበላ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። በትልልቁ ትጎርሳለች፤ የስኳር ዱቄቱ አገጯ ላይ ተርከፍክፏል፤ አትጠርገውም። ጥርሷ የዳነላት መስሎኝ ደስ አለኝ።

እኔን የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ከወንበሬ ወረድኩ። በጣቶቼ ጫፍ ተራመድኩ፤ የመኝታ ቤቱን እጀታ ቀስ አድርጌ ጠመዘዝኩት።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። መጋረጃው ተዘግቷል፤ መስኮቱ ግን ገርበብ ብሏል፤ ጨርቁ ይተነፍሳል። አባባ በጀርባው ተኝቷል። ብርድ ልብሱ እስከ ደረቱ ድረስ ተስተካክሎ ተደርቦለታል፤ አንድ እጥፋት የለውም። ፀጉሩ በውሃ ተበጥሯል። አልጋው ሥር የእማማ አንዱ ነጠላ ጫማ አፉን ወደ ግድግዳ አዙሮ ወድቋል።

አያንኮራፋም። «አዲስ ዘዴ አመጣ ማለት ነው» አልኩ በልቤ።

ሹራቡን ለብሷል። እጄን በጣም፣ በጣም ቀስ አድርጌ በብርድ ልብሱ ሥር ወደ ቀኝ ኪሱ አስገባሁ። ዓይኖቹን እያየሁ ነው፤ ሁልጊዜ ከመያዙ በፊት ሽፋሽፍቱ ይንቀጠቀጣል። አልተንቀጠቀጠም። ከረሜላዎቹን ጨበጥኩ። ጠበቅሁ። እጁ አልመጣም። እጄን ሳወጣ አንድ ወረቀት ተንኮሻኮሸ፤ እጁ አሁንም አልመጣም። ግራ ኪሱንም በረበርኩት።

ሁሉንም ወሰድኩበት።

ያ ወፍራም እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ነበር። ስነካው እንደ ከረሜላው ትሪ ቀዝቅዟል። አንስቼ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተትኩለት፤ ከበደኝ። ከዚያ አንገቱ ሥር ገብቼ ጢሙ እየወጋኝ ጆሮው ላይ፣ «ተሸነፍክ» አልኩት። ሳቄን አፍኜ ወጣሁ። የእማማንም ጫማ ይዤላት ወጣሁ።

«አባባን አሸነፍኩት!»

ሁሉም ዞሩ። በአንድ እጄ ጫማ፣ በሌላው ከረሜላ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አባዬ ገና ሳቁ ከፊቱ አልጠፋም። «እንዴት አሸነፍሽው?» አለኝ።

«ሁሉንም ወሰድኩበት፤ ዝም አለኝ! አልያዘኝም!»

«ጎበዝ» አለች እማማ። ሹካዋ አፏ አጠገብ ቆሟል። «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ።»

«ግን እጁ በረዶ ሆኗል» አልኩ። «ብርድ ልብስ ውስጥ ከተትኩለት።»

ሬዲዮው ብቻ ቀረ። አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ስለ በዓል እየዘፈነ ነበር። እማማ ሹካዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች፤ ተነሳች፤ ሬዲዮውን አጠፋችው። አገጯን በመሐረብ ጠረገች። ከዚያ ወደ ልጆቿ ዞረች።

«አባታችሁ አርፏል» አለች።

«እናውቃለን፣ አርፏል አልሽን እኮ፣ ገና ስን—» አለ አባዬ። ቃሉ አፉ ላይ እንዳለ ቀረ።

የአክስቴ መዶሻ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሁለቱም ሮጡ። እኔን ገፍተውኝ ነው ያለፉት፤ ከረሜላዬን አጥብቄ ያዝኩ። ከዚያ ከክፍሉ ውስጥ የሰማሁትን ድምፅ ከሰው የሚወጣ አልመሰለኝም ነበር። እማዬ አንስታ አቀፈችኝ፤ ጆሮዎቼን በመዳፎቿ ደፈነቻቸው። መዳፎቿ ኬክ ኬክ ይሸታሉ። በጣቶቿ መሐል ግን ሁሉንም ሰማሁ።

አባዬ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። አባዬ እናቱ ላይ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

«መቼ ነው?»

«ስትደውሉ።»

«ስንስቅ እያየሽን! ኬክ እየቆረስሽልን!»

«አዎ።»

«ተኝቷል አልሽን!»

«ተኝቷል አላልኩም። አረፈ ነው ያልኩህ። አንተ ነህ እንደዚያ የሰማኸው።»

«እንዴት አስቻለሽ? እንዴት አድርጎ አስቻለሽ፣ እማ?»

«አላስቻለኝም» አለች እማማ።

አክስቴ በሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች። «ከሩቅ አገር ነው የመጣሁት» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «እሱን ላየው ብዬ። ካፖርትሽን አውልቂ አልሽኝ። ገላው ሳይቀዘቅዝ እንኳ ልይዘው… ዶሮ አበላሽኝ! አንቺ ሴትዮ ጤነኛ ነሽ?»

«ከነገርኳችሁ ሬሳው ላይ ትጣላላችሁ» አለች እማማ። «እኔ ወልጃችኋለሁ፤ አውቃችኋለሁ። አንዴ፣ አንዲት ምሳ ብቻ፣ አብራችሁ ስትበሉ ላያችሁ ፈለግሁ።»

አክስቴ አፏን ያዘች። ወደ አባዬ ዞረችና ደረቱ ላይ ወደቀች። እሱም አቀፋት። እህት የለኝም ያለው ሰው ፀጉሯን እየደባበሰ «የኔ እህት፣ የኔ እህት» ይላል። ሁለቱም ጀርባቸውን ለእናታቸው ሰጥተዋል። እማማ ብቻዋን መሐል ወለል ላይ፣ በአንድ እግር ጫማ ቆማለች። እኔ ሌላኛውን ጫማ ልሰጣት ፈለግሁ፤ እማዬ አለቀቀችኝም።

እኔ የገባኝ ሌላ ነገር ነበር። አባባ ስኳር ነበረበት። እኔ ሁሉንም ወሰድኩበት። ከወሰድኩበት በኋላ ሁሉም ማልቀስ ጀመሩ። ሒሳቡ ለእኔ ግልጽ ነበር። ስለዚህ ከረሜላዎቹን ወደ ኪሱ ለመመለስ ታገልኩ፤ «ልመልስለት፣ ልመልስለት» እያልኩ ጮህኩ፤ ማንም አልሰማኝም። እማዬ ቤታችን ወስዳ ልብሴን ስታወልቅ ከረሜላው በጭብጤ ውስጥ ቀልጦ ጣቶቼን አጣብቋቸው ነበር። በሙቅ ውሃ ነው ያላቀቀችኝ።

ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ጣፋጭ አልቀመስኩም። ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነበር የምጠጣው። እማዬ አንድ ቀን ምክንያቱን ስታወጣጣኝ ነገርኳት። አስቀምጣኝ ስኳር ማለት በሽታም እንደሆነ፣ አባባም የሞተው በልቡ እንደሆነ፣ እኔም ከመግባቴ በፊት እንደሞተ አስረዳችኝ። ሰማኋት። ያመንኳት ግን ወዲያው አይደለም። «ታዲያ አላሸነፍኩትም ማለት ነው?» ስላት ፊቷን አዞረች።

አባዬና አክስቴ ከዚያ ቀን በኋላ አልተለያዩም። በየሳምንቱ ይደዋወላሉ፤ በየበዓሉ ይጠያየቃሉ፤ ሽማግሌው ባሏ ቤታችን መጥቶ ከአባዬ ጋር ዳማ ይጫወታል። አንድ ያደረጋቸው ግን የእናታቸው ጥፋት ነበር። ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ እሷ ነው። «ኬክ እኮ በላች!» ትላለች አክስቴ። «ትልቁን ቁራሽ!» ይላል አባዬ። እንዲህ እየተቀባበሉ ያመሻሉ። አባዬ እማማን መጠየቅ አልተወም፤ ግን በር ላይ ቆሞ ነው፤ ካፖርቱን አያወልቅም። አክስቴ ጭራሽ ደጇን አልረገጠችም። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ እማማ ታማ የወደቀች ጊዜ ነው የመጣችው፤ ይቅርታ የሚባል ቃል ሳይወጣት የቤቱን መስኮት ሁሉ ወልውላ፣ አልጋ አንጥፋ፣ በሳምንቱ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ትመጣለች።

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እማማ እኔን የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። ልብስ ስትለካልኝ፣ ስፒሉን ከአፏ አውጥታ፣ «ተገናኙ?» ትለኛለች። «አዎ።» «ሳቁ?» «አዎ፣ እማማ።» ስፒሉን መልሳ ትነክሳለች። በምን እንደሳቁ ነግሬያት አላውቅም። ታውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

እኔ ሁልጊዜ የእሷ ጠበቃ ነበርኩ። አድጌ፣ አግብቼ፣ ልጅ ወልጄም እንደዚያው። አክስቴ ስታማት «አንቺና አባዬ ዛሬ አብራችሁ የተቀመጣችሁት በማን ነው?» እላት ነበር።

ባለፈው በዓል ዋዜማ ልጄን ለባሌ ትቼ እማማ ዘንድ ሄድኩ። አርጅታለች፤ ስፌት ግን አልተወችም፤ መጋረጃ ዘርግታ ጠርዙን ትጠልፋለች። ብስኩት ወስጄላት ነበር፤ እንዳስቀመጥኩት አለ። ብቻችንን ስለነበርን ጠየቅኋት።

«እማማ፣ እንደዚያ አድርጊ ያለሽ አባባ ነው? ልጆቹን አስታርቂ ብሎሽ ነው?»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«እሱ? እኔ ሞቼ እሱ ቢተርፍማ ኖሮ ጩኸቱ ሰፈር ያናውጥ ነበር። እኔ ነኝ። እጁን ይዤ ነበር። መተንፈስ ሲያቅተው አየሁት። ልጮህ አፌን ስከፍት ደወላችሁ። አንዴ ጮኼ ልከፍትላችሁ ነበር። ከዚያ ደግማችሁ ደወላችሁ። ተነሳሁ፤ ፀጉሩን አበጠርኩት፤ ወጣሁ።»

ይህን እንኳ በግምት አውቀው ነበር። እጇን ያዝኩ። «እኔ ደግሞ ሾልኬ ገብቼ ነገሩን አፈረስኩብሽ» አልኳት፤ ልቀልድ ፈልጌ ነው።

«አልሾለክሽም» አለች። «አየሁሽ።»

«ምኑን?»

«ከወንበር ስትወርጂ አየሁሽ። በሩን ስትከፍቺ አየሁሽ። ለምን እንደምትገቢም አውቃለሁ።»

እጄን ከእጇ ላይ እንዴት እንዳነሳሁ አላስታውስም።

«እኔ በወጉ ሳልሰናበተው ደወላችሁ» አለች፤ ዓይኗ ስፌቱ ላይ ነው። «እነሱ ደግሞ እየጮሁ እንደሚገቡበት አውቃለሁ። አንድ ሰው እንኳ እየሳቀ ቢገባለት አልኩ። ከፈራሽ እገባለሁ ብዬ ኬኬን እየበላሁ በሩን አየሁ። አልፈራሽም። እየሳቅሽ ወጣሽ።»

ልጄ በዓይነ ሕሊናዬ መጣችብኝ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ የወተት ጥርሷ ገና ተነቅሎላት በክፍተቱ እያፏጨች ነው የምትስቀው። እሷን በዚያ በር፣ በጣቶቿ ጫፍ፣ እጇን ወደዚያ ኪስ ስትሰድ አየኋት። ጠረጴዛው አጠገብ ደግሞ አንዲት ሴት ኬክ እየበላች ታያታለች።

ተነሳሁ። ጮህኩባት። ምን እንዳልኩ ግማሹን አላውቀውም። ሕፃን ነበርኩ አልኳት። አንገቱን አቅፌው ነበር አልኳት። ስንት ወር ሙሉ የገደልኩት እኔ መስሎኝ ስኳር አልቀመስኩም፣ አንቺ እያየሽ አስገባሽኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነሽ አልኳት። ድምፄን ራሴ ስሰማው ድንግጥ አልኩ፤ የአክስቴ ድምፅ ነበር፤ ቃሉም የእሷ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከእነሱ ጋር ስከራከር የኖርኩት፣ ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው ሳላውቅ ነው።

እማማ አላቋረጠችኝም። ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ፣ አንዲት ቃል ሳታስተባብል፣ እስክጨርስ ሰማችኝ። ይህን ከእኔም ስትጠብቀው የኖረች ትመስላለች።

ትንፋሽ አጥሮኝ ስቆም መርፌዋን መጋረጃው ላይ ሰክታ ወንበሯን ተደግፋ ተነሳች።

«ሻይ ላፍላ?» አለችኝ።

ወደ በሩ አየሁ። ካፖርቴ እዚያው ተሰቅሏል።

«አፍይ» አልኳት።